የአባቴ ድምፅ የጠፋበት ቅዳሜ

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ወር፣ ጥር ላይ፣ ስልኬ ውስጥ የነበረውን ድምፁን በገዛ ፈቃዴ አስጠፋሁት። ሰው ሲጠይቀኝ "ስልኬ ተበላሽቶ ነው" እያልኩ ብዙ ጊዜ መልሻለሁ። ስልኬ ግን አልተበላሸም። ምንም አልሆነም ነበር።

ወረታ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ወላጆቼ የኖሩት ከይፋግ ወዲያ፣ ክረምት ሲመጣ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ነኝ። አባቴ በታመመበት ክረምት ለእረፍት እነሱ ዘንድ ሄጄ ሳለ የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚኬደው በታንኳ ነበር። አባቴን ሐኪም ቤት እንዳንወስደው ውኃው ያዘን፤ እሱም የፈለገ አይመስልም ነበር። መደብ ላይ ጋደም ብሎ፣ በበሩ በኩል ውኃ ውስጥ የቆመውን ሩዙን እያየ ያወራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬን አውጥቼ ራስጌው አስቀመጥኩት።

"ይኸ ነገር ይሰማኛል?" አለኝ።

"ይሰማሃል አባየ። አውራ ብቻ።"

አወራ። ከአርባ ደቂቃ በላይ አወራ። ሩዝ መጀመሪያ ወደ አገሩ ሲመጣ "ይኸማ የወፍ ቀለብ ነው" ብሎ የተሰጠውን ዘር ለዶሮ እንደበተነ፣ በዓመቱ ግን የጎረቤቱን ማሳ አይቶ ልቡ እንደተሰበረና ማንም ሳያየው ዘር ሊለምን እንደሄደ ነገረኝ። እዚህ ላይ እናቴ ከጓዳ ሆና "መቼ ሄድህ? አፍረህ እኔን አይደለም እንዴ የላክኸኝ?" አለችው። ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ሲተወው ደግሞ እንደገና ሳቀ። ከዚያ በሬዎቹን ሲያርስ የሚያንጎራጉርላቸውን ነገር ትንሽ አንጎራጎረ። በመጨረሻ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ መረቀኝ። ምርቃቱን ሲጨርስ "በቃ፣ ዝጊው" ይላል። እሱም ተቀድቷል።

ኅዳር ላይ፣ ሩዙ ሲታጨድ፣ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ እሑድ እሑድ ወደ እናቴ መሄድ ጀመርኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እበላለሁ፣ ላሞቹን አያለሁ፣ ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጥና "በይ፣ አባትሽን አሰሚኝ" ትለኛለች። ስልኩን ጭኗ ላይ አደርግላታለሁ። እሷ የምትናገርበት ቦታ ሲደርስ ከስልኩ ጋር አብራ "እኔን አይደለም እንዴ የላክኸኝ" ትላለች። አንድም እሑድ ዘልላው አታውቅም።

ለምን ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽውም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። የስልኬ የሚሞሪ ማስገቢያ ከተሰበረ ቆይቷል። የእናቴ ስልክ ከመደወል ሌላ የማያውቅ ባለ ቁልፍ ነው። ዳታ ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ወደ የትም መላክ አይቻልም ነበር፤ ዳታው ሲመለስ ደግሞ ፈተና ደረሰ። ዛሬ ነገ እያልኩ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ድምፁ በጠፋበት ሳምንት መጨረሻ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የፈተና ፕሮግራሙንና የፈታኞችን ድልድል አዘጋጅቼ በመምህራን ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። ተራ ፋይል ነበር። ሁሉም ከፈተው።

ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብዬ ለፈተናው የአበባ ክፍሎችን የሚያሳይ ሥዕል ፍለጋ ስልኬን ከፈትኩ። ሁልጊዜ የምንጠቀምበት መፈለጊያ ላይ ጻፍኩ። ዝርዝሩ መጣ። ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ግን አንድ ዓይነት መስመር ነበረ፦ ይህ ድረ ገጽ መሣሪያዎን ሊጎዳ ይችላል። አንዱን ስነካው ገጹን አልከፍት ብሎ ማስጠንቀቂያውን ደገመልኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ጻፍኩ፤ ሊጎዳ ይችላል። የትምህርት ሚኒስቴርን ጻፍኩ፤ ሊጎዳ ይችላል። የዕለቱን ስንክሳር የማነብበትን ገጽ ሞከርኩ። እሱም ሊጎዳ ይችላል።

አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው።

ዓለም በሙሉ በአንድ ጠዋት አደገኛ ሊሆን አይችልም ብዬ አሰብኩ፤ እስከዚህ ድረስ በትክክል ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ቀጥዬ "እንግዲያው የታመመው የእኔ ስልክ ነው" አልኩ። ጥፋቱ ከራሱ ከመፈለጊያው ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቤ አላለፈም። እሱን ማን ይጠረጥራል? ተማሪዎቼ እኔን ሳያምኑ ሲቀሩ የሚያመሳክሩት ከእሱ ጋር ነው።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የሒሳብ መምህሩ ደወለ። ከደብረ ታቦር የመጣ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

"ትናንት የላክሽውን ፋይል ከከፈትኩ ወዲህ ስልኬ ጤና የለውም" አለኝ። "የነካሁትን ሁሉ 'ይጎዳሃል' ይለኛል። ያንቺስ?"

"የእኔም እንደዚያው ነው።"

"እንግዲያው ካንቺ ነው የመጣው" አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሒሳብ መልስ እንደሚነግረኝ ነበር ያለው።

ግሩፑን ስከፍት የእንግሊዝኛ መምህርቷ ጽፋለች፣ የስፖርት መምህሩ ጽፏል፣ ሌሎችም። ሁሉም ፋይሉን ከፍተዋል፣ የሁሉም ስልክ ያንኑ ይላል። አንዱ "ቫይረስ ነው፣ ማንም እንዳይከፍተው" ብሎ ከፋይሌ ሥር ቀይ ምልክት አድርጎበታል። ፋይሉን ያልከፈተ ሰው ስልክ ላይ ምን እንደሚል የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ጎረቤቴ ስልክ ነበራት፤ በአጥር ተሻግሬ "እስቲ ያንቺን አሳዪኝ" ብላት ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ሲደውሉ ድምፃቸው ተለውጧል።

"ምንድን ነው የላክሽብን?"

"ፕሮግራሙን ነው ጋሼ። ሌላ ምንም የለበትም።"

"እኔ በቢሮው ኮምፒውተር ነው የከፈትኩት። የልጆቹ ውጤት በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው፣ ታውቂያለሽ። አሁን ምንም ብነካ አደጋ አለው ይለኛል። ይኸ ውጤት ቢጠፋ ለወላጅ ምን ብዬ ልመልስ ነው?"

"ምን ላድርግ?"

"መጀመሪያ ያንቺን ስልክ አስጸጂው። ምንጩ ያንቺ ነው። ካንቺ ካልጠፋ ከማናችንም አይጠፋም።"

ስልኩን ዘጉት። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው። በእኔ ጥፋት የሁሉም ተማሪ ውጤት ሲጠፋ፣ ልጆቹ ቤታቸው ሲያለቅሱ፣ እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ ስሄድ ሰው ሲጠቋቆምብኝ ታየኝ። ቁርስ አልቀመስኩም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ስልክ ጠጋኙ ሱቅ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው መንገድ፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ አጠገብ ነው። ወሩ የሩዝ መፈልፈያ ወቅት ስለነበር ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ ገለባው ይቦናል፣ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው። ጠጋኙ ያስተማርኩት ልጅ ነበር፤ አሁን ሚስት አግብቶ ወልዷል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

"ቲቸር፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ ልክ አይደለም።"

ነገርኩት። ስልኬን ተቀብሎ ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አገናኘውና አንድ ሁለት ነገር ፈለገ። ማስጠንቀቂያው ወጣ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የራሱን ስልክ አንሥቶ ያንኑ ቃል ጻፈ። በእሱም ላይ ወጣ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና ከግድግዳው ላይ የዋይፋዩን ሶኬት ነቀለ።

"ወደ እኔም ተሻገረ" አለ። "በዋይፋዩ ነው የገባብኝ። ቲቸር፣ እንዲህ ዓይነት አይቼ አላውቅም።"

ያየውን ነው የተናገረው፤ ያየው ነገር ደግሞ ያንን ነበር የሚመስለው። ወንበር ሰጠኝና ተቀመጥኩ።

"መፍትሔ የለውም?"

"ፎርማት ነው። ስልኩን እንደ አዲስ ማድረግ። ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ቫይረሱም አብሮ ይጠፋል።"

"ያለው ሁሉ?"

"ሁሉም።"

ስለ አባቴ ድምፅ ነገርኩት። ወደ ኮምፒውተርህ አውጣልኝ፣ ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ አልኩት። ኮምፒውተሩን አየ። የሰው ሰርግ፣ የሰው ፎቶ፣ የደንበኞች አደራ ያለበት ነው።

"ቲቸር፣ ኬብሉን ከሰካሁት እኮ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። ድምፁን ሳወጣው ቫይረሱ አብሮት ይወጣል። የሰው ንብረት ነው ያለብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"እስከ ሰኞ ቢቆዩ ባሕር ዳር የማውቀውን ሰው ልጠይቅልዎ።"

እስከ ሰኞ። ሰኞ ፈተና ይጀመራል። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር።

ስልኩን ስጠኝ አልኩት። ከሱቁ ጥግ ሄድኩና የአባቴን ድምፅ ከፍቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። መፈልፈያው ስለሚጮኽ ሌላውን ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ። "ይኸ ነገር ይሰማኛል?" አለ። ስለ ሩዙ ጀመረ። ለዶሮዎቹ ወደ በተነበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠና ስልኩ ጠራ። ርዕሰ መምህሩ ናቸው።

"አስጸዳሽው?"

"ጠጋኙ ዘንድ ነኝ ጋሼ።"

"እና ምን ትጠብቂያለሽ? እኛ እዚህ እጃችንን አጣጥፈን አንቺን ነው የምንጠብቀው።"

"እሺ" አልኩ። ዘወር ብዬ ስልኩን ለጠጋኙ ሰጠሁትና ለእሱም "እሺ" አልኩት።

"ቲቸር፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"አጥፋው።"

ማንም እጄን ይዞ አላስገደደኝም። እስከ ሰኞ መቆየት ይቻል ነበር። ስልኩን ዘግቶ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍና ከሰው ቁጣ ጋር ሁለት ቀን ማደር ይቻል ነበር። እኔ ግን ሰው እንዳይቆጣኝ ፈራሁ፤ የአባቴን ድምፅ የሰጠሁት ለዚህ ፍርሃት ነው።

ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ስልኩ ሲበራ ገና ከሱቅ እንደወጣ ሆኖ ቋንቋ እንድመርጥ ጠየቀኝ። አማርኛ መረጥኩ። ዳታ ከፍቼ የአበባ ክፍሎች ብዬ ጻፍኩ። መልሶቹ ንጹሕ ሆነው ወጡ፤ ከአንዱም ሥር ማስጠንቀቂያ የለም።

"ጠፋ!" አልኩት። ለቅጽበት ደስ አለኝ። ያንን ደስታ እስካሁን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ጠጋኙ ግን የራሱን ስልክ እያየ ነበር። የእሱን አላጸዳውም፤ ምንም አላደረገውም። ያ ስልክም ንጹሕ ነበር። ደግሞ ሞከረ። ሌላ ቃል ጻፈ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ሁለታችንም ገብቶናል። መፈልፈያው ይጮኻል። አንዲት ሴት መጥታ የቻርጀር ዋጋ ጠየቀችው።

ቤት ሳልደርስ የሒሳብ መምህሩ በግሩፑ ላይ ጻፈ፦ "የእኔ በራሱ ጊዜ ዳነ።" ሌሎቹም ተከታተሉ። ቀትር ላይ አንዱ ዜናውን ለጠፈ። የመፈለጊያው ባለቤቶች አደገኛ ገጾችን የሚመዘግቡበት ዝርዝር ላይ ስህተት ገብቶ፣ መፈለጊያው በምድር ላይ ያለውን ገጽ ሁሉ አደገኛ ሲል አርፍዷል። ያየነው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ሐሰት ነበር። ተስተካክሏል፣ ተጠቃሚዎችን ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል። ዜናውን ቆሜ አነበብኩት፤ ተቀምጬም ደገምኩት። ይቅርታቸው ለእኔም ጭምር መሆኑን ለማመን ሞከርኩ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። እናቴ ዘንድ ሄድኩ። "በይ፣ አባትሽን አሰሚኝ" ስትለኝ "ባትሪው ሞቷል እማየ" አልኳት።

ሰኞ መምህራን ክፍል ውስጥ ሳቅ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሻይ ጋበዙኝ። "በዓለም ሁሉ ነው አሉ እኮ" አሉ፤ "እኛ ደግሞ አንቺን ልንሰቅልሽ ነበር።" የስፖርት መምህሩ "ቫይረሷ መጣች" እያለ ሲቀልድ ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን እንዳጠፋሁ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ያዝኑ ነበር። ያን ጊዜ ግን የሰው ሐዘኔታ ልሸከመው የምችለው ነገር አልነበረም።

ፈተናው ሲያልቅ ባሕር ዳር ወረድኩ። ጠጋኙ የነገረኝ ባለሙያ ስልኩን ግማሽ ቀን ያህል ይዞት ዋለ። እኔ ደጁ ካለ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጸለይኩ። ሲጠራኝ ከፊቱ አወቅሁት።

"እህቴ፣ ይኸ ስልክ ያለበትን ነገር ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው" አለኝ። "እንዲህ ሲደመሰስ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ነገሩ እዚያው ቢኖር እንኳ የሚከፍተው የለም። ማንም ዘንድ ብትሄጂ ይኸንኑ ነው የሚልሽ። ላስመልሰው ብለሽ እንዳትንከራተቺ ነው የምነግርሽ።"

በሚኒባሱ መስኮት በኩል ሜዳውን እያየሁ ተመለስኩ። ሩዙ ታጭዶ በቦታው ጓያ በቅሏል፤ ላሞች ተሰማርተዋል። አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ መነኩሴ ወደ ጣራ ገዳም የሚሄዱ ነበሩ፤ "ሰው ሞቶብሽ ነው ልጀ?" አሉኝ። "አዎ አባ፣ አባቴ" አልኳቸው። "መቼ?" ሲሉኝ "አሁን በቅርቡ" አልኩ። ውሸት ነው የተናገርኩት አልልም።

እናቴን ሦስት እሑድ ዋሸኋት። ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ድምፅ ማጉያው። በአራተኛው እሑድ ነጠላዋን አስተካክላ አልተቀመጠችም። ሰፌድ ላይ ሩዝ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል "አባትሽን ማሰማት ሰለቸሽ?" አለችኝ።

"አልሰለቸኝም።"

"ከሰለቸሽ ንገሪኝ። አንቺ የራስሽ ኑሮ አለሽ። ስልኩን ትተሽልኝ ሂጂ፣ ጎረቤት ይከፍትልኛል።"

ያኔ ነገርኳት። ቫይረስ ምን እንደሆነ፣ መፈለጊያ ምን እንደሆነ እንዴት እንደማስረዳት አላውቅም ነበር። "አንድ ማሽን ስልክሽ ታሟል ብሎ ዋሸኝ፣ እኔም አምኜ አጠፋሁት" አልኳት። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሰፌዱን አስቀመጠች።

"ሳቁም?" አለችኝ።

"ሳቁም፣ እማየ።"

ተነሥታ ወደ ላሞቹ ወጣች። ተከትያት አልወጣሁም። ከቆይታ በኋላ ተመልሳ ሰፌዷን አነሣችና መልቀሟን ቀጠለች። እሳት የለም፣ እራት እንብላ የለም፤ እንደዚያው መሸብን።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የማስታውሰውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። የዶሮውን፣ ዘሩን፣ ምርቃቱን በተቻለኝ መጠን ቃል በቃል። አንድ እሑድ አነበብኩላት። ጥቂት ሰምታ እጇን አነሣች።

"ተይው ልጀ። ይኸ ያንቺ ድምፅ ነው።"

ከዚያ መንደሩን መዞር ጀመርን። የእሱ ድምፅ ያለበት ስልክ ያለው ሰው ይኖር እንደሆን ቤት ለቤት ጠየቅን። አንድ ጎረቤት የልጁን ሰርግ ቪዲዮ አውጥቶ አሳየን። አባቴ አለበት። ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀምጦ አጠገቡ ላለው ሰው አንድ ነገር ይነግረዋል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዘፈኑ ግን በትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው የሚወጣው፤ ከዘፈኑ ሌላ አንድም ነገር አይሰማም። እናቴ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፣ መልሳ ወደ ዓይኗ አመጣችው፣ ደግሞ ወደ ጆሮዋ። ጎረቤታችን ደጋግሞ ከፈተላት። መጨረሻ ላይ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ መለሰችለት።

ባለፈው ፋሲካ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ደጅ ላይ ተቀምጣ ስለ ልጅነቷ፣ ውኃው ቤታቸውን ስለወሰደበት ዓመት ስታወራኝ ቀስ ብዬ ስልኬን አውጥቼ በመካከላችን አስቀመጥኩት። አየችው። መናገሯን አቆመች።

"አንሺው" አለችኝ።

"እማየ፣ አሁን እኮ ሁለት ሦስት ቦታ ነው የማስቀምጠው። አይጠፋም።"

"የአባትሽም አይጠፋም ነበር።"

አነሣሁት። ወሬዋን ከቆመበት አልቀጠለችም። እኔም እስካሁን ደግሜ አልጠየቅኳት። በየእሑዱ እሄዳለሁ፣ የምትናገረውን በጆሮዬ ብቻ ይዤ ወደ ወረታ እመለሳለሁ፤ ሰኞ ከክፍል ስወጣ ግማሹን እንደረሳሁት አውቃለሁ።